ለደሴው የሸክላ ዐውደ ርእይ፦ ጀበናው በነጭ መቆሚያ ላይ ይቁም ወይስ በረከቦቱ ላይ?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ የምንኖር ጥቂት የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎችና መምህራን በመጪው በጋ የሸክላ ሥራ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ተነሥተናል። ሁለት ዓይነት ሥራዎችን በአንድ አዳራሽ ማገናኘት እንፈልጋለን። አንደኛው በደሴ ዙሪያ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ አካባቢ በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ እናቶች ለገበያ የሚያወጧቸው ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ እንስራና የዕጣን ማጨሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥነ ጥበብ የተማሩ ወጣቶች በሸክላ አፈር የሠሯቸው ቅርጾች ናቸው።

ገና ከጅምሩ ግን በአቀራረቡ ላይ አልተግባባንም። ገሚሶቻችን የሸክላ ዕቃ ከወጉ ተነጥሎ መታየት የለበትም እንላለን፤ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ጀበናው ከነሲኒው ቢታይ ተመልካቹ ከራሱ ኑሮ ጋር ያገናኘዋል። ሌሎቻችን ደግሞ ይህ አቀራረብ በየሆቴሉ መግቢያና በየባህል ምሽቱ ስለተለመደ ሰው ሸክላውን ሳያየው ያልፋል፤ ስለዚህ ጀበናው ብቻውን፣ በነጭ መቆሚያ ላይ፣ ብርሃን ተደርጎለት ይቁም ባዮች ነን።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በቅርቡ ከገበያ ገዝተን በጠረጴዛ ላይ ያቆምነውን አንድ ጀበና ልብ ብዬ ስመለከተው፣ የማለስለሻው ጠጠር ፋና በሆዱ ላይ አግድም ይዞራል፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ትከሻ ላይ ደግሞ ሠሪዋ ጠጠሩን ገደድ አድርጋ በአጫጭር ጭረት አያይዛዋለች። በአፉ በኩል በባትሪ ሲታይ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር በተጣበቀበት ቦታ የጣት አሻራ በክብ ተሰልፏል። ይህን ሁሉ ጀበናው በሲኒ ተከቦ ሳለ የሚያስተውል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። አቀራረቡ እንዴት ቢሆን ይሻላል? የመግለጫ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ፣ «የወሎ ሸክላ» ብሎ ማለፍ ይበቃል ወይስ የሠሪዋ ስም ይግባ? በመጨረሻም ከወጣቶቹ አንዱ ብዙ ጀበና ገዝቶ በመሰባበር በአዳራሹ መካከል ሊከምረው፣ በጦርነቱ የፈረሱትን ቤቶች ሊያስታውስበት ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡ ከልቡ እንደመጣ እናውቃለን፤ ቡድናችን ግን እስካሁን እሺም እምቢም አላለም። በእርግጥ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ደስ ይለናል።

ቦርከና

ወንድሜ፣ መነሣታችሁ የሚያስደስት ነው። የሥነ ጥበብ መምህር እንደመሆኔ ከካርዱ ልጀምር፤ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከዚያ የሚፈታ ይመስለኛልና። በዓለም ላይ ዛሬ የሸክላ ሥራ በታላላቅ አዳራሾች ሲታይ ከድሮው የተለወጠው ዋናው ነገር መቆሚያው ወይም መብራቱ አይደለም። የተለወጠው ሥራው ከአንዲት ሴት እጅ የወጣ መሆኑ ታምኖ ስሟና ዓመቱ መጻፉ ነው።

የላዲ ክዋሊን ታሪክ ለቡድናችሁ አንብቡላቸው። ይህች ናይጄሪያዊት እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ክዋሊ በምትባል መንደር ተወልዳ ሸክላን ከአክስቷ ተማረች። እንስራዎቿ በአቡጃው አሚር ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው አይቶ ተደነቀባቸው፤ ቆይቶም እርሱ ባቋቋመው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1954 ገባች፤ በዚያ የመጀመሪያዋ ሴት ሠራተኛ እርሷ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራዎቿ ለንደን ውስጥ በስሟ ታዩ፤ ዛሬ ምስሏ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሟል። አንዲት የመንደር ሸክላ ሠሪ በአገሯ የገንዘብ ኖት ላይ መውጣቷን አስቡት!

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ግን ልትጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ክዋሊ በማሠልጠኛው የሠራቻቸው ማሰሮዎች ቅርጻቸውና የእንሽላሊትና የጊንጥ ጌጣቸው የመንደሯ ሆኖ ሳለ፣ በከፍተኛ ሙቀት እቶን ተቃጥለው ብርጭቆ መሰል ሽፋን፣ ማለትም ግሌዝ፣ ተቀብተዋል። በመንደር የሚሠራ እንስራ ገላው ውኃ ስለሚያሳልፍ ከውጭ ጥቂት ጥቂት ይረጥባል፤ ያ እርጥበት ሲተን ውስጥ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ግሌዝ ሲቀባ ይህ ሁሉ ይቀራል። ማሰሮው ከውኃ መቅጃነት ወጥቶ የሚታይ ዕቃ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ይህ በራሱ ጥፋት ነው አልልም፤ የሥራዎቿ ውበት አያከራክርም። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ «የእናቶቹን ሸክላ ዘመናዊ ለማድረግ ግሌዝ እንቀባው» ቢላችሁ፣ የሚጨምረውን ብቻ ሳይሆን የሚወስደውንም ቆጥሩ።

ሌላዋ ማግደሊን ኦዱንዶ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 ናይሮቢ ተወልዳ በእንግሊዝ አገር የተማረች ሲሆን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደዚያው ወደ አቡጃ ሄዳ ከነክዋሊ ዘንድ በእጅ የመሥራትን ስልት ቀስማለች። ሥራዋን ስትሠራ የሸክላ ማሽከርከሪያ አትጠቀምም፤ ጭቃውን በእጇ እየጎተተች፣ እየጨመረች ታሳድገዋለች፤ ከዚያም በደቃቅ የጭቃ ውኃ ቀብታ በድንጋይ እስኪያበራ ታሸዋለች። አንድ ጊዜ አየር እንደልብ በሚገባበት እቶን ስታቃጥለው ብርቱካናማ ቀይ ይወጣል፤ እንደገና አየር በሌለበትና ጭስ በታፈነበት ስታቃጥለው ጠቁሮ ያንጸባርቃል። ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ይቀላል፣ ሲነፈግ ይጠቁራል፤ የታፈነው ጭስ ጥላሸትም ገላው ውስጥ ይገባል።

አሁን ይህን ከወሎ እናቶች ሥራ ጋር አስተያዩት። የጋለውን ጀበና ከእሳት አውጥቶ በገለባ ማፈን ያው የኦዱንዶ ጥቁረት ነው። ስልቱ አንድ ነው። የእርሷ ማሰሮ ከአንገቱና ከጎበጠ ሆዱ ጋር የሴት ገላ የሚያስመስለው ቅርጿ ታላቅነቷን ያሳያል፤ ይህን ማንም አይወስድባትም። ነገር ግን የእርሷ ሥራ በስሟ ተመዝግቦ በሙዚየም ሲቀመጥ የእኛዎቹ ሥራ «ባህላዊ ቁሳቁስ» ተብሎ ያለስም የሚቀርበት ምክንያት በጭቃው ውስጥ የለም።

ስለ አቀራረቡ እንግዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሄፕወርዝ ዌክፊልድ በሚባለው የእንግሊዝ ሙዚየም የታየው የኦዱንዶ ዐውደ ርእይ መልካም አብነት ይሆናችኋል። ከሃምሳ በላይ የሆኑ ሥራዎቿ ለብቻቸው አልቆሙም፤ ራሷ ከመረጠቻቸው ከብዙ ዘመናትና ከብዙ አገሮች ከመጡ ዕቃዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተመልካቹ አንዱን ከሌላው ሲያስተያይ ዓይኑ ይሠለጥናል። ስለዚህ የእናንተም አዳራሽ አንድ ጀበና ብቻ አያሳይ። የአምስት የተለያዩ እናቶች አምስት ጀበና በአንድ ረድፍ ይቁም። ያኔ የአንዷ ጀበና አንገቱ መርዘሙ፣ የሌላዋ ሆዱ መስፋቱ፣ የአንዷ ጆሮው መወፈሩ ራሱ ይናገራል፤ «ጀበና ሁሉ ያው ነው» የሚለው ሰውም ያለ ማብራሪያ ይረታል። ቄጠማውና ቡናው ደግሞ በመክፈቻው ቀን በሌላ ክፍል ይሁን፤ በዚያ ቡና የሚጠጣው ጀበና ግን ከመቆሚያው ላይ የተነሣው አይሁን።

ሐይቅ ዳር

ለመምህሩ አስተያየት አክብሮት አለኝ፤ ስለ ስሙ ያሉት ግን በእኛ አገር ሁኔታ ሌላ ጎን ስላለው ልናገር ግድ ሆነብኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ የእናቴ እናትም እንዲሁ። እኔ ተምሬ በሌላ ሙያ ብሰማራም፣ ገበያ ድረስ እንስራ ተሸክሜ አድጌአለሁ።

በሸክላ ሠሪ ላይ ያለው ንቀት አልጠፋም። በግልጽ «ቡዳ» ብሎ የሚሳደብ ቢቀንስም፣ ለጋብቻ ሲጠያየቅ፣ ማኅበር ሲገባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል አሁንም ቀስ ብሎ ይወጣል። ልጃቸውን ለመዳር ሙያቸውን ደብቀው የኖሩ እናቶችን አውቃለሁ። እንግዲህ እናንተ በቅን ልብ ስማቸውን በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ፣ ፎቶግራፋቸውን ሰቅላችሁ፣ በቴሌቪዥንም ብታስተላልፉ፣ ያላሰባችሁት ነገር ሊደርስባቸው ይችላል። ይህን የምለው ስም አይጻፍ ለማለት አይደለም፤ እናቴ ስሟ ቢጻፍ ደስታውን አትችለውም። የምለው፣ እያንዳንዷን ለብቻዋ፣ ጎረቤት በሌለበት ጠይቋት ነው። ሙሉ ስሟን የምትፈልግ አለች፤ የቤት ስሟን ብቻ የምትፈልግ አለች፤ «የእገሌ እናት» መባል የምትወድ አለች፤ ጭራሽ አይጻፍ የምትልም ትኖራለች። መልሷን እንዳለ ተቀበሏት፤ ለማግባባት አትሞክሩ።

ሁለተኛው ነገር፣ በነጭ መቆሚያ ላይ አቁማችሁ «አይነካ» የምትሉ ከሆነ ሸክላውን ግማሽ ታሳያላችሁ። እናቴ ዕቃ ስትመርጥ አስቀድማ በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኩታ ታዳምጣለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ እሳት የጠገበ ነው፤ ድምፁ ታፍኖ ከቀረ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይ አልበሰለም። ቀጥላ በሁለት እጇ ታነሣዋለች፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ ግድግዳው እኩል አልተሳበም ማለት ነው። ከዚያም መዳፏን አስገብታ ታችኛውን ትዳስሳለች። መልኩን የምታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ለንክኪ የተፈቀደ አንድ ጠረጴዛ ይኑራችሁ፤ በደንብ የበሰለና ያልበሰለ፣ የተሰነጠቀና ደህና የሆነ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ሰው ራሱ አንኳኩቶ ይለየው። በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ረጅም ጽሑፍ ይህ ይበልጣል።

ሥራውን ለተመልካች የምትገልጹ ከሆነም ድካሙን አታሳጥሩት። አፈሩ ከሚታወቅ ቦታ ተቆፍሮ ይመጣል፤ ደርቆ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ ይዘፈዘፋል። ብቻውን አይሠራም፤ የተፈጨ ገል ይገባበታል። ገሉ አስቀድሞ እሳት ያየ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ በኋላም ድስቱ ጉልቻ ላይ ወጥቶ ታቹ ሲግል ላዩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንዳይፈነዳ ያደርገዋል። ከተሠራ በኋላ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ከነካው አፉ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከማቃጠሉ በፊት ደግሞ በምድጃ ዳር ይሞቃል፤ በገላው ውስጥ የቀረ እርጥበት ካለ በእሳት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ይበትነዋልና። የብዙ ቀን ልፋት በኩበትና በእንጨት ክምር ውስጥ የሚወሰነው በአንድ ምሽት ነው። ነፋስ ድንገት ቢነሣ ከክምሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ታዲያ በገበያ አንድ ድስት ላይ የሚከራከር ሰው የሚከፍለው ለተረፈው ብቻ ነው፤ የተሰበረውን የምትከፍለው እናት ናት።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለኝ። በመክፈቻው ቀን እናቶችን ጥግ አስቀምጣችሁ፣ እጃቸውን ጭቃ አስነክታችሁ፣ ለእንግዳ ትርኢት እንዲያሳዩ አታድርጓቸው። ሠዓሊው በዚያ ቀን ሱፉን ለብሶ ሲዞር እነርሱ በጭቃ ልብስ ለምን ይቀመጣሉ? የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበር ከፊት ተይዞላቸው ይምጡ። የአሠራር ማሳያ ከተፈለገ በሌላ ቀን፣ ፈቅደው፣ የቀን ዋጋቸው ተከፍሏቸው ይሁን።

ላስታ

እኔ ስለ ጉዞውና ስለ ጊዜው ብቻ አጭር ነገር ልጨምር፤ ወልድያ ውስጥ አንድ አነስተኛ የእጅ ሥራ ትርኢት ሲዘጋጅ ዕቃ የማጓጓዙ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ዕቃውን ኅዳር ሳይጠባ ለመሰብሰብ አትጣደፉ፤ በክረምት አፈሩም ኩበቱም ስለማይደርቅ አብዛኞቹ እናቶች እሳት አያነሡም፤ ተቻኩለው ያቃጠሉት ደግሞ ይሰነጠቃል። ደሴ ራሷ ደጋና ጉም የማይለያት ስለሆነች ወጣቶቹ እዚያ ለሚሠሩት ቅርጽ ሰፊ የማድረቂያ ጊዜ ስጧቸው፤ ወፍራም ቅርጽ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ሽቅብ ስታመጡ መኪናው በየጠመዝማዛው ስለሚያንገላታ ዕቃው እርስ በርሱ እንዳይነካካ በመካከሉ ጭድ ጠቅጥቁ። ምጣድ ተደራርቦ አይጫን፤ በጠርዙ ቆሞ፣ በገመድ ተይዞ ይሂድ። ከቤት ያገለገሉ ድስቶችንም ካገኛችሁ ጥቀርሻቸውን አትጠቡ፤ የዕቃው ዕድሜ የሚነበበው በእርሱ ነው። ሲገዙም የተጠየቀውን ዋጋ መክፈል ነው። ለዐውደ ርእይ የተመረጠ ሥራ ላይ መከራከር አያምርም።

አዝዋ ገደል

ልጆቼ፣ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍሁት ቅርስ በመመዝገብ ሥራ ስለሆነ በዚያ በኩል ላስታውሳችሁ። የደሴው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደረሰበትን ዘረፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ይበልጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አንድ ዕቃ ፎቶግራፉ፣ ልኩ፣ የመጣበት መንደርና የሠሪው ስም በሌላ ቦታ ተመዝግቦ ከሌለ፣ ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ መናገር እንደማይቻል ነው። ሸክላ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ርካሽ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መዝጋቢው ራሱ «አንድ ማሰሮ» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከዐውደ ርእዩ ካርድ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ መዝገብ ክፈቱ። ቁመቱና የአፉ ስፋት፣ አፈሩ የተቆፈረበት አካባቢ፣ የገባበት ማደባለቂያ፣ የተቃጠለበት ወር፣ ያለበት ስንጥቅ ሁሉ ይጻፍ። ስሟ በአደባባይ እንዳይወጣ የጠየቀች እናት ብትኖር፣ በእርሷ ፈቃድ በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ተይዞ ይቆይ። ሐይቅ ዳር ያነሣችውን ሥጋትና መምህሩ ያሉትን በዚህ መንገድ ማስታረቅ የሚቻል ይመስለኛል።

ስለ ንቀቱ የተባለው እውነት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንኳ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ታውጆ ነበር፤ አዋጁ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ስለዚሁ ነገር መወያየታችን ያሳዝነኛል።

ወጣቱ ሊሰብር ስላሰበው ጀበና ልናገር። ሸክላን መስበር በዘመናዊው ሥነ ጥበብ አዲስ አይደለም። ቻይናዊው አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ማሰሮ ከእጁ ለቅቆ ሲሰበር የሚያሳዩ ሦስት ፎቶግራፎች ሠርቷል፤ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ግን ሌላው ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደኑ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በቴት ሞደርን፣ አዳራሽ ወለል ላይ መቶ ሚሊዮን ያህል የሱፍ ፍሬ የሚመስሉ የፖርሴሊን (ነጭና ጠንካራ ሸክላ) ቅንጣቶችን አነጠፈ። እያንዳንዷ ቅንጣት በእጅ የተቀባች ናት፤ የሠሯትም በሸክላ ሥራዋ ከጥንት የታወቀችው የጂንግደዠን ከተማ ከ1,600 በላይ ባለሙያዎች ናቸው። ሕዝቡ መጀመሪያ በላዩ እንዲሄድ ተፈቅዶለት ነበር፤ ነገር ግን ከሚፋጨው ሸክላ የሚነሣው አቧራ ለጤና ስለሚያሰጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከለከለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ የተሰበረ ሸክላ አቧራው ለሳንባ ጎጂ ነውና ክምሩ ከሰው እግር ይራቅ፤ ልጆችም አይርገጡት። ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ስም ባለበት ሥራ ውስጥ የብዙ ሰው እጅ ካለ ያ እጅ ይታይ። በለንደኑ ዐውደ ርእይ የሠሪዎቹን ልፋት የሚያሳይ ፊልም ከጎኑ ይታይ ነበር። ወጣቱ የእናቶቹን ጀበና ለራሱ ሥራ ጥሬ ዕቃ ካደረገ፣ ካርዱ ላይ የእርሱ ስም ብቻ ሊቆም አይገባም።

ስለ ቦታው፣ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በልባችሁ እንደሚኖር እገምታለሁ። ክብሩ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይገባዋል፤ ስፋቱ ግን ትንንሽ ዕቃዎችን ይውጣቸዋል። አነስ ያለ፣ ከጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ያለው ክፍል ለሸክላ ይሻላል፤ የጠጠሩ ፋና የሚታየው ብርሃን በአግድም ሲመታው ነውና። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ዞማ ሙዚየምን እዩ፤ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት ነው። ጭቃ በራሱ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤት ሊሆን እንደሚችል ለወጣቶቹ በዓይን ማሳየት ትችላላችሁ።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስተያየታችሁን ለቡድኑ አነበብሁት፤ የአምስቱ ጀበና ረድፍና የማንኳኳቱ ጠረጴዛ ወዲያው ተቀባይነት አግኝተዋል። የአባታችንን ምክር ተከትለን መዝገቡን ለማዘጋጀት አንድ መምህር ኃላፊነት ወስዳለች። ለካርዱ የሚከተለውን ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ እዩልን።

«ጀበና። ሠሪዋ፦ (ራሷ በፈቀደችው አጻጻፍ)። የተሠራበት መንደርና ወር። በእጅ የተሠራ፣ በጠጠር የለሰለሰ፣ በኩበት የተቃጠለ፣ በገለባ ታፍኖ የጠቆረ። ዋጋው በሠሪዋ የተወሰነ።»

ዋጋው ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ላይ አሁንም ተከፍለናል። የወጣቱ የክምር ሐሳብም ገና አልተወሰነም፤ እርሱ ራሱ አዲስ ጀበና ከመስበር ይልቅ ሌላ መንገድ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነው።

ሐይቅ ዳር

ረቂቁ መልካም ነው። ዋጋውን ጻፉት። የወጣቶቹ ቅርጽ ዋጋ ተጽፎ የእናቶች ጀበና ዋጋ ከተደበቀ፣ ተመልካቹ ጀበናው የማይሸጥ የሙዚየም ዕቃ ወይም ዋጋ የሌለው ነገር አድርጎ ያስበዋል። ዋጋውን ስትጠይቋት ግን የገበያ ዋጋዋን ልትነግራችሁ ትችላለች፤ ከሌላ ዋጋ ጋር ሠርታ ስለማታውቅ ነው። ስለዚህ የወጣቶቹ ሥራ በስንት እንደሚሸጥ አስቀድማችሁ ንገሯትና ከዚያ ትወስን። በአንዳንድ ቤት አፈሩን የምታመላልሰው ልጅ፣ እሳቱን የምትጠብቀው ደግሞ እህት ናት፤ ካርዱ ላይ ከአንድ በላይ ስም የሚሆንበት አጋጣሚ እንዳለ እወቁ።

ለወጣቱ ደግሞ አዲስ ጀበና አይግዛ። በእያንዳንዷ ሸክላ ሠሪ ቤት ጓሮ ከእሳት ሲወጣ የተሰነጠቀ፣ አንገቱ የተገነጠለ፣ ሆዱ የፈነዳ ዕቃ ተከምሯል። ያንኑ ስባሪ እንዲሰጡት ይጠይቅ። በእሳት የጠፋውን ክምር በአዳራሹ መካከል ማየት፣ ለማሳየት ተብሎ ከተሰበረው ይልቅ ለሐሳቡ የቀረበ ነው፤ ከደኅናዎቹ ጀበናዎች ፊት ለፊት ከቆመ ደግሞ የአንዱ ዋጋ በሌላው ይታያል። እናቶቹ ግን ገሉን እንዲሁ አይሰጡም፤ ለቀጣዩ ጭቃ የሚፈጩት እርሱን ስለሆነ ያጥራቸዋል። ውሰዱና ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ በጆንያ አድርጋችሁ ለየባለቤቱ መልሱላቸው፤ የማን ገል የትኛው እንደሆነ ሳይደባለቅ በየስሙ ምልክት ይደረግበት፤ አፈሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንዷ የሌላዋን ገል አትጠቀምም። የመመለሻውን የትራንስፖርት ወጪ ከአሁኑ በበጀታችሁ ያዙት።